ስለ ታግ የጠየቃችሁኝ፤ ባትሪዋን በደንብ አንብቡልኝ

ቁልፍና ቦርሳ ላይ ስለምትንጠለጠለው፣ ዕቃ ሲጠፋ በስልክ ስለምንፈልግባት ትንሽ ታግ ከላካችሁት ጥቂቱን ልመልስ።

«ባትሪዋን ዛሬ ነው የቀየርኩት። እሷ ግን ጭጭ ብላለች። ልጣላት?»

ቆይ፣ አትጣላት። ባትሪው ላይ የተጻፈውን እየው። ኤርታግ (የአፕል ኩባንያ ታግ ናት) የምትወስደው ሲአር 2032 የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ሲአር 2025 ስፋቱ እኩል ስለሆነ ገብቶ ይቀመጣል፣ ግን ስስ ስለሆነ በደንብ ላይነካ ይችላል። የመደመር ምልክቱም ወደ አንተ ይዙር። ሌላው ደግሞ ልጆች አፋቸው ውስጥ ሲከቱት እንዲተፉት መራራ ነገር የተቀባ ባትሪ አለ። ቅቡ መነካኪያው ላይ ካረፈ ኤርታግ ላትሠራ ትችላለች። ትንሽ አዙረህ ሞክረው፣ እምቢ ካለህ ያልተቀባ ግዛ።

«ልጄ 2 ዓመቷ ነው፣ ታጓን አፏ ውስጥ ትከታለች። ባትሪው መርዝ አለው እንዴ?»

የሚያስፈራው መርዙ አይደለም እህቴ። ባትሪው ጉሮሮ ውስጥ ከተሰነቀረ ከእርጥቡ ሥጋ ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እዚያው ላይ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቆስላት ይችላል። አለቀ ብለን የጣልነውም ለዚህ የሚበቃ ጉልበት አይጠፋውም። ዋጠች ብለሽ ከጠረጠርሽ እየሳቀች ብትጫወትም እንኳ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ራጅ ትነሳ። እንድታስመልስ አታድርጊ፣ ምግብም አትስጫት። ማር እጅሽ ላይ ካለና መዋጥ ከቻለች በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ እየሰጠሻት ሂጂ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ማር ፍለጋ ብለሽም እንዳትዘገዪ።

የኤርታግ ክዳን ተጫን አድርጎ በማዞር ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ መጫወቻ አትሁን። ያለቀውን ባትሪ ደግሞ ሁለቱንም ፊት በፕላስተር ሸፍነሽ ወዲያው አርቂው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መርሳት የሁላችንም በሽታ ነው።

«ከሱሪዬ ጋር ታጠበች።»

ምናልባት ተርፋለች። ኤርታግ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ እስከ 30 ደቂቃ እንድትችል ነው የተሠራችው፣ ማጠቢያ ማሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ባትሪውን አውጣ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ፣ ደርቃ ትደር። በረኪና እንዳታስነካት።

«ውሻዬ ሜዳ ላይ ጠፋ፣ ካርታው የሚያሳየኝ ግን የጠዋቱን ቦታ ነው።»

ኤርታግ ጂፒኤስ የላትም። በብሉቱዝ ትጣራለች፣ በአጠገቧ የሚያልፍ የሰው አይፎን ነው ቦታዋን የሚናገርላት። ሰው በሌለበት ማን ይናገርላት? ለቁልፍ ግሩም ናት፣ ለሚሮጥ ውሻ ግን ጂፒኤስ ያለው ግዛ።

«ስልኬ የማላውቀው ታግ አብሮኝ እየተጓዘ እንደሆነ ነገረኝ። ፈራሁ።»

መጀመሪያ ቦርሳ ወይም መኪና ተውሰሽ እንደሆነ አስቢ፣ የባለቤቱ ታግ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ማስጠንቀቂያውን ነክተሽ ድምፅ እንድታሰማ አድርጊና ፈልጊያት። በፈረንጆቹ ከ2024 ግንቦት ወዲህ አይፎንም አንድሮይድም አንዱ የሌላውን ታግ ለይቶ ያስጠነቅቃል። ኤርታግ ከሆነች ነጩን ፊቷን ስልክሽ ላይ ብታስጠጊ መለያ ቁጥሯ ይወጣል፣ እሱን ፎቶ አንሺ። የምትፈሪው ሰው ካለ ደግሞ ወደ ቤትሽ አትሂጂ፣ ወደ ፖሊስ ሂጂ። ባትሪዋን ስታወጪ ቦታሽ መታየቱ ያቆማል፣ ግን እሱም እንዳገኘሻት ሊገባው ይችላል፤ ስለዚህ ከማውጣትሽ በፊት ሰው ያለበት ቦታ ድረሺ።