ትናንት የመለሰውን ዛሬ ለምን ያቅተዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። «ሰባት ጊዜ ስድስት?» ስለው አንዳንዴ ጠይቄ ሳልጨርስ «አርባ ሁለት!» ይለኛል። ሌላ ቀን ያንኑ ስጠይቀው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አስተማሪው «ሲፈልግ ይችላል፣ አውቆ ነው» ይላሉ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ከተባልን በኋላ በኮምፒውተር ተፈትኖ «አማካይ ፍጥነቱ ደህና ነው፤ ግን ይዋዥቃል» የሚል ወረቀት ሰጡን። ምን ማለት ነው? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከወረቀቱ ቁም ነገሩ «ይዋዥቃል» የሚለው ነው። በዚህ ፈተና ልጁ ስክሪኑ ላይ ምልክት ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩም የፈጀበትን ጊዜ በሺኛ ሰከንድ ይመዘግባል። ሁለት ልጆች አሥር አሥር ጊዜ ተጫኑ እንበል። አንደኛው አሥሩንም በ600 ሺኛ ሰከንድ መለሰ። ሁለተኛው ስምንቱን በ450፣ ሁለቱን በ1,200። ደምረው ቢያካፍሉት የሁለቱም አማካይ 600 ነው። ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛው ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ልቡ ሄዶበታል።

የልጅዎም ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ319 ጥናቶች ግምገማ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው በግልጽ እንደሚዋዥቁ አሳይቷል። እነዚያ አልፎ አልፎ የሚመጡ ረጃጅም መዘግየቶች ከሒሳቡ ሲወጡ ግን የዘወትር ፍጥነታቸው ያን ያህል አያንስም። ስለዚህ «ቀርፋፋ» አይባሉም። «አውቆ ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ ትናንት መቻሉ ዛሬም ለመቻሉ ዋስትና የማይሆነው ሕመሙ ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። ሶኑጋ-ባርክና ካስቴላኖስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም በብዛት ይጠቀሳል፦ ሥራ ፈትተን በሐሳብ ስንዋልል የሚነቃ የአንጎል ክፍል አለ፤ ሥራ ስንይዝ ጸጥ ማለት ሲገባው በእነዚህ ልጆች ላይ በየመሀሉ ብቅ እያለ ያቋርጣቸዋል።

ያም ሆኖ መዋዠቁ ብቻውን ኤዲኤችዲን አያረጋግጥም። እንቅልፍ ያጣ፣ ኦቲዝም ያለበት ወይም ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት የደረሰበት ልጅም ይዋዥቃል። ሐኪሙ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመራቸውን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየታቸውን ጠይቆ ነው የሚወስነው። ጆሮውና ዓይኑም ይታዩ።

አንድ ነገር ግን ነቅተው ይከታተሉ። ግድግዳውን ሲያይ ትከሻውን ነካ ሲያደርጉት ወዲያው ከተመለሰ ሐሳብ ነው የወሰደው። ጠርተውትም ነክተውትም ለ10 ሰከንድ ያህል ካልሰማ፣ የዓይኑ ቆብ ከተርገበገበ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ከቀጠለ፣ ሳይወድቁ ለአፍታ ራስን የሚያስት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። በስልክ ቀርጸው ለሐኪም ያሳዩ፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቤት ውስጥ ከሳሎን ወደ ጓዳ መጣራቱን ይተዉት። አጠገቡ ይሂዱ፣ ስሙን ይጥሩ፣ እስኪያይዎት ይጠብቁ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፣ ምን እንደተባለ መልሶ ይንገርዎት። ከዚያ 5 ሰከንድ ዝም ይበሉ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ገና ሲጀምር «አልሰማህም እንዴ?» ብሎ ሐሳቡን እንደገና ይበትንበታል። «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን አምጣ» ማለትም ለእሱ አንድ ሳይሆን ሦስት ትእዛዝ ነው። እንቅልፉንም ይጠብቁለት፤ በዚህ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። 60 ተማሪ አለኝ፤ ከእነሱ አንዱ እንዲህ ነው። ጊዜ ብጨምርለትም አይጨርስም። (ከደሴ)

መልስ፦ ጊዜ መጨመሩ ብቻውን ብዙም አይረዳውም። ሥራው ሲጓተትና ሲሰለች መዋዠቁ ይብሳል፤ 40 ደቂቃ የሰጡት ልጅ የሚባክንበት ደቂቃ ነው የሚበዛው። ይልቅ ሥራውን ይቆራርጡለት። 20 ጥያቄ ካለ ወረቀቱን አጥፈው አምስቱን ብቻ ያሳዩት፤ ሲጨርስ ይዞ ይምጣና እርማቱን እዚያው ያድርጉለት፣ ከዚያ ሌላ አምስት። መነሳትና መመላለሱም ይጠቅመዋል። ክፍሉ ጠቦ መመላለስ ካልተቻለ እጁን ያውጣ። በቃል ሲጠይቁት ስሙ ይቅደም፣ ጥያቄው ይከተል፤ ጠይቀው ሲያበቁ ስሙን ቢጠሩት ጥያቄው አምልጦታል። ቦታው ከፊት፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ያለ ይሁን። ሥራ አልጨረሰም ብለው የዕረፍት ሰዓቱን አይከልክሉት፤ ከሁሉም በላይ ሮጦ መመለስ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ታዲያ የትኩረት ችግር አለበት እንዴት ይባላል? ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት የተባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት አዞለታል። (አባት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጌሙ ፈጣን ነው፤ በየሰከንዱም ነጥብ ይሰጣል። በፈተናዎቹም ላይ ምልክቱ ቶሎ ቶሎ ሲመጣና ሽልማቱ ወዲያው ሲሰጥ የእነዚህ ልጆች መዋዠቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ጌሙ ምርመራውን አያፈርሰውም። መድኃኒቱም ይህንኑ መዋዠቅ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከመጀመሩ በፊት በዘመድ ውስጥ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ ሞት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ወደ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ቁርሱን አጥግበው ይስጡት፣ ምሳው ቢተርፍ አይቆጡት፣ እራቱን ከበድ ያድርጉለት። ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ በየቀጠሮው ይለኩ።