ካዝናው ሲራቆት፣ መዝገቡ ሲበዛ፦ የጋራ ሕንፃ ጥያቄዎች ከጅማ

ክረምት ሲቃረብ የጋራ ሕንፃ ጥያቄ ይበዛብኛል። የጅማ ዝናብ የዋዛ አይደለም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ነዋሪው "ያዋጣነው ገንዘብ የት ገባ?" ይላል። ዘንድሮ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች በብዙዎቹ መልሱ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ለክስ ወጥቷል። ስምና ብሎክ አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ።

"የማኅበራችን ሊቀመንበር ነኝ። ግራውንድ ላይ ሱቅ ያለው ነዋሪ የጋራውን ግቢ በቆርቆሮ አጥሮ መጋዘን አደረገው። የፍሳሽ መኪና ሲመጣ ቱቦው ማንሆሉ ጋ አይደርስም። የቀድሞው ኮሚቴ ከሰሰው፤ እሱም መልሶ ማኅበሩን ከሰሰ። ለጠበቃ ሁለት ጊዜ ከፍለናል፤ አሁን ሦስተኛ ተጠይቀናል። ካዝና ውስጥ ያለው ለጣሪያ ጥገና የተዋጣ ብር ብቻ ነው። ክሱን እንተወው ወይስ እንግፋበት?"

በመጀመሪያ የጣሪያውን ብር አይንኩት። ጡረተኛውም፣ ጉልት ሸጣ የምታድረውም እናት "ለጣሪያ" ተብለው የሰጡት ገንዘብ ነው። ለሌላ ነገር ማዋል ከተፈለገ ጠቅላላ ጉባኤው በግልጽ ይወስን እንጂ ኮሚቴው በራሱ አያዛውረው።

ግቢውን በተመለከተ መብቱ የናንተ ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የሁሉም ቤት ባለቤቶች አድርጓል። ማኅበሩም የሕግ ሰውነት አለው፤ በስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ግን መብት ስላለ ብቻ ክርክሩ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። አሁን እየጎዳችሁ ያለው ምንድን ነው? ከደብዳቤዎ እንደገባኝ የተዘጋው ማንሆል ነው። ፍሳሹ ሞልቶ ደረጃ ላይ ከወጣ የመጀመሪያ ፎቅ ልጆች ይታመማሉ። ይህ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስለዚህ እርቁን ከማንሆሉ ጀምሩት። ሰውየው በዚያ በኩል ያለውን ቆርቆሮ በተቆረጠ ቀን ያንሳ። የቀረውን እስከሚያፈርስ ድረስ ለማኅበሩ ኪራይ ይክፈል፤ የሚያፈርስበት ቀንም ይጻፍ። ሁለቱም መዝገቦች አብረው ይዘጉ። አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ከቀረ እርቅ አይባልም። ሽማግሌ ስትመርጡ ሰውየው የሚያከብረው ቢያንስ አንድ ሰው ይኑርበት። የጋራ ቦታን የሚነካ ስምምነት ስለሆነ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ጉባኤው ያጽድቀው። ኮሚቴው የሁሉንም ግቢ በራሱ ፊርማ መስጠት አይችልም።

ስምምነቱን ኪሳችሁ አታስቀሩት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ፣ በችሎትም ሆነ ከችሎት ውጭ፣ መታረቅ እንደሚችሉ ይናገራል። ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት። ያኔ ሰውየው ቃሉን ቢያጥፍ አዲስ ክስ ሳትከፍቱ ወደ አፈጻጸም ትሄዳላችሁ።

እምቢ ካለስ? ያኔ ግፉበት፣ ግን በልክ። ጉባኤ ጥሩና ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይስፈር፦ "ማኅበሩ ክርክሩን በዚህ ፍርድ ቤት እስከ ውሳኔ እንዲቀጥል፣ ለዚህም ከዚህ ብር ያልበለጠ እንዲያወጣ፣ ገንዘቡም ከልዩ መዋጮ እንዲሸፈን፣ ይግባኝ ካስፈለገ ጉባኤው እንደገና እንዲወስን ተስማምተናል።" የብሩ መጠን በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ያለ ገደብ የሚወጣ የክስ ወጪ ማኅበር ያፈርሳል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

የጥብቅና ውሉንም አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። ሦስተኛው ክፍያ ውሉ ላይ አለ? ይግባኝን ይጨምራል? ሁለተኛው መዝገብስ ውስጡ አለበት? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከጠበቃው ጋር ተቀምጣችሁ በጽሑፍ አስተካክሉት። "ስንረታ ሁሉንም እናስከፍለዋለን" የሚላችሁን ደግሞ በጥንቃቄ ስሙት። በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 462 መሠረት ወጪና ኪሳራን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ያወጣችሁት በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ለማስመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እልሁ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ክሱን የጀመረው ኮሚቴ የለም፤ እርስዎ የእሱን ኩርፊያ የመውረስ ግዴታ የለብዎትም።

"ከአርባ ቤት አሥራ አራቱ ወርሃዊ መዋጮ አይከፍሉም። ኮሚቴው ሁሉንም እንክሰስ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ውኃ እንቁረጥባቸው እያለ ነው።"

ውኃ አትቁረጡ። ዛሬ ከሳሽ የሚሆነው ማኅበር ነገ ተከሳሽ ይሆናል። ከሮቶው ላይ የአንድን ቤት መስመር ሲዘጉ ደግሞ የሚጠማው ባለ ዕዳው ብቻ አይደለም፤ ሕፃንና ተከራይም አለ።

አሥራ አራት ክስ ማለት አሥራ አራት የዳኝነት ክፍያና አሥራ አራት መጥሪያ ነው። በፊት ሂሳባችሁን ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፉ፦ ለጥበቃ ይህን ያህል፣ ለጽዳት ይህን ያህል፣ ለኮሪደር አምፖል ይህን ያህል። ብዙ ሰው የማይከፍለው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ስላላየ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቤት የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ ስጡና አስፈርሙ። ያጣ ካለ በየወሩ ቀስ እያለ የሚከፍልበት የዕዳ ስምምነት ይፈርም። እያለው አልከፍልም ያለ ሲቀር እሱን ክሰሱት። ማስጠንቀቂያውና የጉባኤው ውሳኔ በእጃችሁ ካለ ክርክሩ ቀላል ነው።

"የክሱን ወጪ አሳዩን ስንል 'ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ አይነገርም' ይሉናል። እውነት ነው?"

አይደለም። ከጠበቃ ጋር የተመከረውን፣ እነማን እንደሚመሰክሩ፣ ይህን ኮሚቴው ለጊዜው ቢይዘው ይገባኛል። ስንት ብር እንደወጣና ለማን እንደተከፈለ ግን የአባሉ መብት ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ አስፈርሙ። መልስ ካጣችሁ መተዳደሪያ ደንባችሁ አስቸኳይ ጉባኤ ለመጥራት ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ አይታችሁ አሰባስቡ። እዚያው ጉባኤ ላይ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ኦዲተር ይመረጥ።

ስለ ኮሚናሉ፣ ማለትም ስለ ነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት፣ ለጠየቃችሁኝም መልሱ ይኸው ነው። ኮሚቴው ቤቱን ካከራየ ውሉም፣ የኪራዩ ደረሰኝም ለአባላት ይታይ።

"ከላይ ካለው ቤት መታጠቢያ ውኃ ይንጠባጠብብኛል። ማኅበሩ ይክሰስልኝ?"

ቱቦው የማነው? የጋራ መውረጃ ከሆነ ማኅበሩ ይጠግን። ከጎረቤትዎ ወለል ሥር ያለ የራሱ መስመር ከሆነ ጉዳዩ የሁለታችሁ ነው፤ ማኅበሩ ጥቅም በሌለበት ነገር ከሳሽ ሊሆን አይችልም። ሁለታችሁም ባላችሁበት ቧንቧ ሠራተኛ ይየውና ያየውን ጽፎ ይፈርም። ካልተስማማችሁ በኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የተቋቋሙት የባህል ፍርድ ቤቶች፣ ማና ሙርቲ አዳ፣ አሉ። እንዲህ ላለው የጎረቤት ጉዳይ ቅርብ ናቸው፤ ሁለታችሁም ፈቃደኛ ሆናችሁ ብትቀርቡ ጥሩ ነው።

"ቃለ ጉባኤያችን ሁሉ በአማርኛ ነው። ችግር አለው?"

ሰነዱ ዋጋ አያጣም። ግን የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ታስተረጉማላችሁ፤ ያም ወጪ ነው። ከአሁን ጀምሮ ደንባችሁንና ዋና ዋና ውሳኔዎችን በሁለቱም ቋንቋ ያዙ። በብዙ ብሎኮች ሁለቱንም አቀላጥፎ የሚጽፍ መምህር ወይም ተማሪ አይጠፋም።

"እትዬ፣ በአዲሱ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። የድሮው ሊቀመንበር ማኅተምና ሰነድ አላስረከበም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በማኅበሩ ላይ በሌለንበት ፍርድ መሰጠቱን ሰማን። መጥሪያው ለሱ ደርሶት ዝም ብሏል ይባላል።"

እህቴ፣ ማኅተሙ ይቆይ፤ ፍርዱ ይቅደም። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት የሚችለው መፈረዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 78 ለጠበቃችሁ አሳዪው። ለመቅረት በቂ ምክንያት እንደነበራችሁ ማስረዳት አለባችሁ። መጥሪያውን ማን ተቀበለ? በዚያ ቀን ሥልጣን ላይ ነበር? የምርጫው ቃለ ጉባኤ ቀን እዚህ ላይ ወሳኝ ነው።

ቃለ ጉባኤውን ይዘሽ ሁለት ቦታ ሂጂ። ማኅበሩ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት የአዲሱን ኮሚቴ ስም ይያዝ። ባንኩ ደግሞ የድሮውን ፊርማ አንስቶ አዲሶቹን ያስገባ፤ ያለፉትን ዓመታት ስቴትመንትም ጠይቂ። የድሮው ሊቀመንበር ፋይሉን ባያስረክብ እንኳ ገንዘቡ መቼና ለማን እንደወጣ ከዚያ ታገኚዋለሽ። ርክክቡን በደብዳቤ ጠይቁት፣ ቀን ስጡት፣ ምስክር ባለበት ተረከቡ። ይህ ሁሉ ግን መዝገብ ቤት ገብተሽ የፍርዱን ግልባጭ ካወጣሽ በኋላ ነው፤ ወሩ መቁጠር ጀምሯል።