መልስ፦ ውጤቴ ስኮላርሺፑ ከሚጠይቀው 3.0 ወርዶ 2.8 ሆነ፤ ስኮላርሺፑ እንዳይቋረጥ ከባዱን ኮርስ ድሮፕ ላድርግ?

አታድርግ። ቢያንስ ዛሬ አታድርግ። ስኮላርሺፖች አብዛኛውን ጊዜ ከውጤት ሌላ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንንም ይጠይቃሉ። ኮርሱን ጥለህ ከዝቅተኛው ክሬዲት በታች ከወረድክ፣ በውጤት የፈራኸው በክሬዲት ይመጣብሃል።

ይልቅ እንዲህ አድርግ፦

1. የስኮላርሺፕ ደብዳቤህን አውጣ። 3.0 የሚለው የአንድ ሴሚስተር ነው ወይስ የጠቅላላው? የሚታየውስ በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በዓመት አንዴ? ብዙ ሰው የሚደነግጠው ይህን ሳያይ ነው።

2. ሂሳቡን ሥራ። 2.8 ነው ያልከው። እስካሁን የወሰድከው 30 ክሬዲት ነው እንበል። አሁን 15 ከያዝክ፣ ጠቅላላውን ወደ 3.0 ለመመለስ በዚህ ሴሚስተር 3.4 ማምጣት አለብህ። ይከብዳል፣ ግን የማይደረስበት አይደለም። ኮርሱን ከጣልክ ደግሞ የሚፈለግብህ ውጤት ከዚህም ይጨምራል።

3. ለስኮላርሺፕ ቢሮው ኢሜይል ጻፍ። የማስጠንቀቂያ ሴሚስተር፣ ማለትም ስኮላርሺፑ ሳይቋረጥ ውጤትህን የምታሻሽልበት ጊዜ፣ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቅ። ታመህ ወይም ሐዘን ደርሶብህ ከነበረ ማስረጃውን አያይዝ። ይግባኝ የሚያይ ሰው ከረጅም ልመና ይልቅ ወረቀት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ቢሮ ድረስ ሄጄ "ችግር የለም" ተብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያናገረችኝ ሴትዮ ሥራ ቀይራለች፤ ፋይሌ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ በቃል የተነገረኝን ሁሉ በዚያው ቀን "እንዲህ ብለውኛል፣ ልክ ነኝ?" ብዬ በኢሜይል እልካለሁ።