መልስ፦ በዌልስ ደጃፍ ላይ ስለሚጣለው በራሪ ወረቀት
ሰላም ወንድሜ፤ «በዌልስ አህያም ቢሆን ቀይ ሪባን ካሰሩለት ይመረጣል የሚባለው እውነት ነው? በበራሪ ወረቀት መዋሸትስ አያስቀጣም?» ብለህ ጠይቀሃል።

ቀይ የሌበር ፓርቲ ቀለም ነው፤ በዌልስ የከሰል ማዕድን ሸለቆዎችም ለሌበር ድምፅ መስጠት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ርስትም ግን ይነጠቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሌበር በብላይናይ ግዌንት የምርጫ ክልል እጩዬ የሚመረጠው ከሴቶች መካከል ብቻ ነው ሲል፣ ነባሩ ፖለቲከኛ ፒተር ሎው ከፓርቲው ወጥቶ በግሉ ተወዳደረና ከ9,000 በላይ ድምፅ በልጦ አሸነፈ። በ2025 በኬርፊሊ የማሟያ ምርጫ ደግሞ የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ የሆነው ፕላይድ ካምሪ ሲያሸንፍ ሌበር በ11 በመቶ ሦስተኛ ወጣ።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እኔን የሚያስቀኝ ግራፉ ነው፤ ፓርቲዎቹ የራሳቸውን አምድ እንደ ባሕር ዛፍ ያስረዝሙታል፣ የተቀናቃኙን ከጉልበት በታች ይቆርጡታል፣ ከላዩም «እዚህ ማሸነፍ የምንችለው እኛ ብቻ ነን» ብለው ይጽፋሉ። ከግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ አንዳንዴ ቁጥሩ የሌላ ምርጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። ነውር ነው፤ ወንጀል ግን አይደለም። የብሪታንያ የ1983 እ.ኤ.አ. የምርጫ ሕግ የሚከለክለው፣ እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሳይኖር ስለ እጩው የግል ባሕርይ ወይም ምግባር ሐሰት ማሰራጨትን ነው። ወረቀቱ ላይ የአታሚውና የአሰራጩ ስምና አድራሻ መኖሩም ግዴታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ እሱን ፈልግ።