ለንፋስ መድከም ጋዝ አይሞላም

«ቪትዝ ነው፣ የ2006፣ ኤሲው በእጅ የሚዞር። ፋኑን 4 ላይ ባደርገውም ከፊት የሚወጣው ንፋስ ሶፍት እንኳ አያንቀሳቅስም። ጋዝ አስሞላሁ፣ ለውጥ የለም» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦

ጋዙ ንፋሱን ያቀዘቅዛል እንጂ አይገፋውም። የሚገፋው ብሎወሩ ነው፣ ማለትም ፋኑ ከነሞተሩ። ጋዙ ጨርሶ ያለቀ መኪና እንኳ ሞቃት ንፋሱን በኃይል ይነፋል። ለደከመ ንፋስ ጋዝ ማስሞላት ጎማ ሲተነፍስ ነዳጅ እንደመቅዳት ነው። ጋዝ የሚጠረጠርበት አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ሞተሩን አስነሳ፣ ቴፑን አጥፋ፣ መስታወቶቹን ዝጋና ፋኑን ከ1 እስከ 4 እየቀያየርክ አዳምጥ። 4 ላይ በደንብ እየጮኸ ንፋሱ ትንሽ ከሆነ ብሎወሩ ደህና ነው፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። ድምፁ ራሱ ከደከመ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከብሎወሩ ነው። ከ1 እስከ 3 ሞቶ 4 ብቻ ቢነፋ ሬዚስተሩ (ኮረንቲ ቀንሶ የፋኑን ፍጥነት የሚያወርደው) ተቃጥሏል እልህ ነበር። ግን 4 ላይ ኮረንቲው ሬዚስተሩን ሳይነካ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ 4 ላይም ለደከመ ፋን «ሬዚስተር ግዛ» የሚልህን አትስማው።

የሚጮህ ከሆነ ከፊልተሩ ጀምር። ጋቢና ፊት ያለውን ግላቭ ቦክስ አራግፈህ ክፈት፣ በጎኑ ያለችውን ማቆሚያ አላቅ፣ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን ብታደርጋቸው ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላው ያለውን ጠባብ ክዳን ስታወጣ ፊልተሩ እንደ መሳቢያ ይሳባል። ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግህም። አውጣውና ያለ ፊልተር ፋኑን 4 ላይ አንድ ደቂቃ አሠራው። ንፋሱ ከተመለሰ ምርመራው እዚሁ አለቀ፣ አዲስ ፊልተር ግዛ። የወረቀት ፊልተር በውሃ አይታጠብም፣ ቃጫው ተጣብቆ ይደርቅና ይብሳል። ጎሚስታ ቤት በንፋስ ማስነፋት ለጥቂት ቀን ያስተነፍሰዋል፣ ከዚያ አያልፍም። ስትገጥም ፊልተሩ ላይ ያለውን ቀስት አይተህ ግጠም። የኮረኮንች መንገድ የሚበዛበት መኪና 10,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መቀየር አለበት።

ክዳኑን ስትከፍት ቦታው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይከብዳል። ያለ ፊልተር የሚነዳ መኪና አቧራው በቀጥታ ኢቫፖሬተሩ (ንፋሱ በውስጡ ሲያልፍ የሚቀዘቅዝበት ክፍል) ላይ ያርፋል፣ እርጥበት ስላለው እንደ ብርድ ልብስ ይጣበቅበታል። ለማየት ሬዚስተሩን ፈትተህ የስልክህን ካሜራ ከነመብራቱ በቀዳዳው አስጠጋ። ጽዳቱ በኢቫፖሬተር ማጽጃ አረፋና በለስላሳ ብሩሽ ነው። የላቫጆ ውሃ በግፊት እንዳይለቁበት፣ ቀጫጭኖቹ አሉሚኒየሞች ይተኛሉና መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። አረፋው ከመኪናው ሥር በውሃ ማውረጃው ቱቦ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቱቦውም ተደፍኗል ማለት ነው፣ ጋቢና በኩል ምንጣፉን ነካ አድርገህ እርጥበት ፈልግ።

ፊት ላይ መርጠህ ንፋሱ እግር ሥር ወይም የፊት መስታወቱ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ አየሩን የሚያከፋፍለው በር ወይም የሚጎትተው ኬብል ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ መኪና ከሆነማ እዚህ ላይ ቆይ፤ ክሩስኮቱ ተፈትቶ የተገጠመ ስለሆነ ከውስጥ ያሉት የአየር ቱቦዎች አፍ ለአፍ ላይገጥሙ ይችላሉ፣ ግማሹ ንፋስ እዚያው ክሩስኮቱ ውስጥ ይቀራል።

ድምፁ የደከመ ከሆነ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዝ። ብሎወሩ ከግላቭ ቦክሱ ሥር ነው። ሶኬቱን ሳትነቅል፣ ሞተር ተነስቶ ፋኑ 4 ላይ እያለ፣ የብሎወሩን ሁለት ሽቦዎች ለካ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት ካለ እዚህም ወደ 13 መጠጋት አለበት። 9 ወይም 10 ካገኘህ ኮረንቲው መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ የቀለጠ ሶኬት፣ የላላ ማሳ (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው ሽቦ) ወይም የተበላ ማብሪያ ፈልግ። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ዝግ ብሎ የሚዞር ከሆነ ለብሎወሩ ኮረንቲ የሚያስገባው ካርቦን አልቋል ወይም ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ይዞታል። ፈትተህ በእጅህ አዙረው፣ ያለ ችግር መንሸራተት አለበት።

ብዙ ጋራዦች የማያዩት አንድ ነገር አለ። ብሎወሩ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የተገጠመ ከሆነ ሽቦው ተገልብጦ ታስሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ብሎወር ወደ ኋላ ዞሮም ንፋሱን በዚያው መንገድ ይገፋል፣ ግን እጅግ ደካማ ነው። ጎማ መሰሏን መዘውር ተመልከት፤ የምላጮቹ የጎደጎደው ፊት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ማየት አለበት።

ጋዝ የሚጠረጠረው እንግዲህ ይኼኔ ነው፦ ስትነሳ ንፋሱ ደህና ሆኖ 20 ወይም 30 ደቂቃ ከሄድክ በኋላ እየደከመ ከመጣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው። ኤሲውን አጥፍተህ ፋኑን ብቻ ለ15 ደቂቃ ተወው፣ ንፋሱ ከተመለሰና ከመኪናው ሥር ውሃ ከወረደ በረዶው ነበር። ይህ ጋዝ ሲያንስ ይመጣል፣ የኢቫፖሬተሩ ሙቀት መለኪያ ሲበላሽም ይመጣል፣ የተደፈነ ፊልተርም ያመጣዋል። ያስሞላኸው ጋዝ በግምት ከነበረ ወጥቶ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ግራም መሠረት በሚዛን ይሞላ።