«ሞቲቭ»ን «ያለ ምክንያት» አድርገው እንዳያበላሹብሽ፦ ለተርጓሚዋ እህታችን

ሰላም እህቴ። የምትተረጉሚው የወንጀል ፍርድ ውስጥ «ሞቲቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተደጋግሞ መጥቶብሽ፣ አንቺ «ምክንያት» ስትይው ጓደኛሽ «ዓላማ» በይው አለሽ። የቱ ይሻላል፣ ቃሉስ ከየት መጣ፣ ከ«ሞቲቬሽን»ና ከ«ኢንሴንቲቭ» በምን ይለያል ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ሁሉም ያው ነው፣ እንደ አገባቡ እዪው» ብለው አልፈዋል። ያው አይደለም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በትርጉም ሥራ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ የሁለት ቤተሰብ ዕርቅ ሲፈርስ አይቻለሁ። አንቺ ላይ እንዳይደርስ የማውቀውን ሁሉ ልጻፍልሽ፤ ይረዝማል።

1. «ዓላማ» አትበዪ። ጓደኛሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ እንጂ ይህ ስህተት ነው። ዓላማ ከፊት ያለ፣ ሰው ሊደርስበት የሚፈልገው ነገር ነው። ሞቲቭ ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ነው። የጎረቤቱን ሱቅ ያቃጠለ ሰው እናስብ። እሳቱን የለኮሰው እያወቀና እየፈለገ ከሆነ ያ ሐሳቡ ነው። ጎረቤቱ ከገበያ እንዲወጣለት ፈልጎ ከሆነ ያ ዓላማው ነው። ይህን ሁሉ ያስነሳበት ምቀኝነት ከሆነ ግን ሞቲቩ ምቀኝነት ነው። ሦስቱን ያደባለቀ ተርጓሚ ሰው ያስፈርዳል ወይም ያስቀልላል።

የእኛም ሕግ ይለያቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ሲሟሉ ነው ይላል። ሐሳብ ያለው ሞራላዊው ውስጥ ነው፤ ሞቲቭ ግን በጠቅላላው ለጥፋተኝነት የሚፈለግ ፍሬ ነገር አይደለም። የሚመጣው በአብዛኛው ቅጣት ሲመዘን ነው፦ አንቀጽ 82 ላይ በተከበረና ከራስ ጥቅም በራቀ ስሜት ተነሳስቶ ላጠፋ ሰው ማቅለያ፣ አንቀጽ 84 ላይ ደግሞ በምቀኝነት፣ በጥላቻ ወይም በስግብግብነት ተነሳስቶ ላጠፋ ማክበጃ ይሆናል። ከባድ ግድያን የሚመለከተው አንቀጽ 539ም ላይ አለ። እነዚህን ሦስት አንቀጾች ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢያቸው፤ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የታተመው። ከማንኛውም መዝገበ ቃላት የበለጠ ያስተምርሻል።

2. «ምክንያት»ንም ብቻዋን አትተዪያት። ይህ ነው ዋናው። ፍርድ ቤት ውስጥ «ምክንያት» አስቀድሞ በሌሎች ተይዟል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ «የክስ ምክንያት» አለ፤ ቀጠሮ ለማለፍ «በቂ ምክንያት» አለ፤ «የይግባኝ ምክንያት» አለ። አንባቢው ዳኛ ቃሏን ሲያይ ወደነዚህ ነው የሚሄደው። ተራው አንባቢ ሲያያት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እሱን በሆነው ላሳይሽ።

የአንዲት እናት ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሳለ የሱቅ ሸሪኩን በጩቤ ወግቶ ተፈርዶበት፣ ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመልሷል። የተወጋው ልጅ ቤተሰብም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች መሃል ገቡ፤ የተጎጂው አባት ግን «ፍርዱን በአማርኛ አንብቡልኝና ነው የምነጋገረው» አሉ። ትክክል ናቸው፣ እኔም ብሆን የምጠይቀው እሱን ነው። እናትየው ፍርዱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። እንግሊዝኛው ላይ ዳኛው ስለ ሞቲቭ የጻፉት አንድ መስመር ነበር፦ ዐቃቤ ሕግ ሞቲቩን አላረጋገጠም የሚል። እኔም «ተከሳሹን ለድርጊቱ ያነሳሳው ምክንያት ምን እንደሆነ አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም ብጽፈው እንዲሁ ነው የምጽፈው።

ሰነዱ ማኅተም እንዲያርፍበት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተወሰደ። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ መሃል ከተማ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ከስልኩ ቀና ሳይል አንድ ገጽ ገለጠና «ይህ ምን ማለት ነው? ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ እዚህ ቤት እንዲህ አይጻፍም» አለ። እናትየው «ተርጓሚውን ልጥራው» ቢሉት «ተርጓሚ አላናግርም፤ ‹ያለ ምክንያት› ብለው አስተካክለው ይምጡ» ብሎ ወረቀቱን ገፋባቸው። እኒህ ሴት ከጠዋት ጀምረው ተሰልፈው የቆሙ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ለእኔ እንኳ አልደወሉም፤ አጠገቡ ያለ ኮምፒውተር ጸሐፊ ዘንድ ገብተው መስመሯን አስቀየሯት። ማኅተሙ አረፈ።

አሁን ያችን መስመር ሽማግሌ ፊት ስትነበብ አስቢያት፦ «ተከሳሹ ያለ ምንም ምክንያት ወጋው»። በእኛ ቋንቋ «ያለ ምክንያት ገደለው፣ ያለ ምክንያት መታው» ስንል አረመኔ ነው ማለታችን ነው። ተበዳዩ ምንም አላደረገም፣ በዳዩ ርኅራኄ የለውም ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ዳኛ ይህን አላሉም! ያሉት «አልተረጋገጠልኝም» ነው። አባትየው ላይ አልፈርድባቸውም፤ ተነስተው ወጡ። ዕርቁ ቆመ።

እናትየው እያለቀሱ ተመልሰው ሲመጡ ሁለቱን ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ አየሁና ነገሩ ገባኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያው ሰው «ማኅተም ካረፈ አይነካም» አለኝ። ክብር ያለው ሰው ያን ያህል ጊዜ አይለማመጥም፤ እኔ ግን ኃላፊውን ካላገኘሁ አልሄድም ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ኃላፊው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በጊዜያቸው ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ኦሪጅናሉን ፊታቸው ዘርግቼ፣ ይህ ቃል ከውስጥ የሚያነሳሳ ነገር ማለት ነው፣ ዳኛው ማስረጃ አልቀረበልኝም ነው ያሉት፣ የእናንተ ቅጂ ግን ጭካኔን ጨመረበት አልኳቸው። ሁለቴ አነበቡት። «አልተረጋገጠም እና የለም ምንና ምን ናቸው!» ብለው ደወሉ፤ የመጀመሪያው ትርጉም እንዳለ ታተመ። ሠራተኛው ይቅርታ አልጠየቀም። እናትየው ግን አዲሱን ቅጂ ይዘው ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹም እንደገና ተቀመጡ። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ስለዚህ አንቺም፦ «ያነሳሳው ምክንያት»፣ «ለድርጊቱ የገፋፋው ምክንያት»፣ ቦታ ከጠበበሽ «መነሻ ምክንያት»። ከሦስቱ አንዱን ምረጪና ሰነዱን በሙሉ በእሱ ሂጂ። «ሰበብ» ደግሞ በፍጹም! ከዐረብኛ የመጣው «ሰበብ» በአማርኛችን ማመካኛ ሆኗል፤ እውነተኛውን የሚሸፍን። ለእሱ እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው፣ «ፕሪቴክስት»፤ በላቲን ከፊት ለፊት የተሸመነ ማለት ነው። «መንስኤ»ንም ለእሳትና ለመኪና አደጋ ተዪው፤ ዜናው «የአደጋው መንስኤ እየተጣራ ነው» ሲል ስለ ሰው ልብ አይደለም የሚያወራው።

3. አመጣጡን ጠይቀሻል፤ ይህ ክፍል ለእኔ ደስታዬ ነው። ሥሩ በላቲን «ሞቬሬ» ነው፣ ማንቀሳቀስ። ከእሱ «ሞቲቩስ» ወጣ፣ የሚያንቀሳቅስ። በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም ለክርክር የሚቀርብ ሐሳብ ማለት ነበር፤ ሰውን ከውስጥ የሚያነሳሳ የሚለው ከዚያ ተከትሎ ነው የጸናው። ዘመዶቹን አንቺም በየቀኑ ትጠሪያቸዋለሽ፦ ሞተር፣ ሞባይል፣ ፕሮሞሽን፣ ኢሞሽን። ሁሉም የ«ሞቬሬ» ልጆች ናቸው። ለገሃር ስትደርሺ ደግሞ ትልቁን ዘመዱን አስቢው፦ ሎኮሞቲቭ። «ሎኮ» ከቦታ፣ «ሞቲቭ» የሚያንቀሳቅስ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ፉርጎዎቹን ይጎትት የነበረው እሱ ነው። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ከባቡር ጣቢያው ነው። ይህን ስታውቂ «ዓላማ» የሚለው ለምን እንደማይገጥም ይገባሻል፤ ቃሉ ስለ መድረሻው ሳይሆን ስለሚያንቀሳቅሰው ነው።

የእኛ ቋንቋም የራሱን መንገድ ሄዷል፤ እነሱ «መንቀሳቀስ» ያሉትን እኛ «መነሳት» አልን። መነሻ፣ ያነሳሳው፣ ተነሳሽነት፣ መንስኤ፣ ሁሉም «ትንሣኤ» ከወጣበት ሥር ናቸው። «ያነሳሳው ምክንያት» የምልሽ ለዚህም ነው፤ ቃሉ ቤቱ ነው።

ፈረንሳይኛን ካነሳሁ አንድ ወጥመድ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፣ በፈረንሳይኛ። በፈረንሳይኛ ሕግ ወንጀለኛን ያነሳሳው ነገር «ሞቢል» ነው የሚባለው፤ «ሞቲፍ» ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ፍርዱ የቆመባቸው ምክንያቶች ማለታቸው ነው፣ እኛ በፍርድ ሐተታ ውስጥ የምናሰፍራቸው። ከጅቡቲ ወይም ከፈረንሳይ የመጣ ፍርድ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከደረሰሽና «ሞቲቭስ» የሚል ርዕስ ካየሽበት ስለ ተከሳሹ ልብ እንዳይመስልሽ፤ ሐተታው ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናሉን ጠይቂ። ያው «ሞቲፍ» በሥዕልና በጨርቅ ሲመጣ ደግሞ ተደጋግሞ የሚመጣ ቅርጽ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ «ጥለት» በይው፣ ጨርሰሻል።

«ሞቲቬሽን» በእንግሊዝኛም አዲስ ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃል፤ በሥነ ልቦና የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞቲቭ ለአንድ ድርጊት፣ ሞቲቬሽን ለሰውየው ጠባይና ጉልበት ነው። «ተነሳሽነት» በቂ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ለምደውታል። አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው «አነቃቂ ንግግር» ተብሏል፣ ጥሩ ስም ነው፣ አትንኪው። ፍርድ ውስጥ ግን «ተነሳሽነት» አይገባም፤ «ተከሳሹ ተነሳሽነት አልነበረውም» ብትዪ ሰነፍ ነበር ያልሽ ይመስላል።

«ኢንሴንቲቭ» ቤቱ ሌላ ነው። ከ«ካኔሬ»፣ ከመዝፈን ነው የመጣው፦ ዜማውን የሚያነሳ፣ ሌላው እንዲቀበል የሚመራ ማለት ነበር። ልብ በይ፣ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ነው። ሥራን ለማበርታት የሚከፈል ነገር የሚለው አጠቃቀሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ። ለኢንቨስትመንት «ማበረታቻ»፣ በኢኮኖሚክስ ጽሑፍ «ማትጊያ» ይባላል። ሞቲቭን ግን ማንም አይከፍልሽም፤ በሰውየው ውስጥ ያለ ነው። «ስቲሙለስ» ቢመጣብሽ እሱ በላቲን በሬ የሚነዳበት የመውጊያ ብረት ነበር፤ እሱም ከውጭ ነው።

መስኮት ላይ የሚጠብቅሽ እኔን የገጠመኝ ዓይነት ሠራተኛ ነው ብዬ ስለማምን የመጨረሻ ምክሬ፦ ደንበኛሽን ብቻውን አትላኪው። ካልቻልሽ ስልክሽን በትርጉሙ ግርጌ ጻፊ፣ ከቃሉ አጠገብም አንቀጽ 82ንና 84ን ጠቅሰሽ አጭር የተርጓሚ ማስታወሻ አኑሪ። ሠራተኛው አንቀጽ ሲያይ እጁን ይሰበስባል። «አስተካክለሽ ነይ» ካለ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ አይሰጥሽም፣ ግን ማኅተሙን ይመታል። ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ መስመር የሚያስቀይር ደንበኛ ካጋጠመሽ ደግሞ ስምሽን ከሰነዱ ላይ አስነሺ። ፊርማሽ ያለበት ወረቀት ላይ ያላልሽውን ቃል ማንም ሊያስገባብሽ መብት የለውም።

«ሞቲቭ» የመጣባቸውን ዓረፍተ ነገሮች የሰዎቹን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አያቸዋለሁ።