ፋሲካ ላይ ያልተፈታ ጾም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ ዐቢይ ጾምን ጾማ፣ ፋሲካ ካለፈም በኋላ ከምግብ እንደሸሸች ናት። ክስት ብላለች። ጎረቤት «መንፈሳዊ ልጅ» ይላታል፤ እኔ ግን ፈራሁ። «ብዪ» ብላት ጾም ማስፈታት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንብዎትም። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የምን ጾም ነው የሚያስፈቱት?

ይሄን ክሳትን ጽድቅ የማድረግ ነገር ስንቴ ሰማሁት! ጾመኛ እኮ ይርበዋል። ሰዓቱን ይጠብቃል፣ የፋሲካውን ዶሮ ደስ ብሎት ይበላል። ዶሮው ሲቀርብ የምትደነግጥ ልጅ ግን ሌላ ነገር ይዟታል።

አንዲት የሰንበት ተማሪ ነበረችኝ። በድሬ ሙቀት እኛ በላብ ስንጠመቅ፣ እሷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ ትቀመጣለች። ጨዋነት መስሎን አመሰገንናት። ለካ ይበርዳት ነበር፤ ክሳቷንም ትደብቅበታለች። እኔም አላየሁም፣ ይቅር ይበለኝ።

ቢሆንም ሹራብ አይተው አይደምድሙ። ቲቢም ያከሳል፤ ሳልና የሌሊት ላብ አለው። የስኳር በሽታ ውኃ ያስጠማል፣ ሽንት ያመላልሳል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲበዛ ደግሞ እየበሉም ያከሳል፣ ልብ ያስመታል። ምግብ መፍራት የያዛት ልጅ ብዙ ጊዜ የልብ ምቷ ይዘገያል፣ የወር አበባዋ ሊቀር ይችላል፤ አጥንቷ እየታየ «ወፈርኩ» ትላለች፣ ወይ በልታ ሽንት ቤት ትቆያለች። ምግብ መፍራቱና ሌላው በሽታ አብረውም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ትመርመር፤ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው፣ የእኔም የጎረቤትም አይደለም።

«ጸበልስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትጠመቅ። ግን ባዶ ሆዷን ቀኑን ሙሉ ጸበል ብቻ እየጠጣች አትዋል። ጳውሎስ ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ውኃ ብቻ እንዳይጠጣ ነግሮታል (1ጢሞ 5፥23)። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ነፃ ያደርጋል፤ ይሄን ለንስሐ አባቷ ይንገሩና «ልጄ፣ ብዪ» የሚለውን ከእሳቸው አፍ ትስማው።

እስከዚያው አይጩኹባት፣ በግድም አያጉርሷት። ብዙ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲጫንበት ይጎዳል፤ በምን ያህል እንደምትጀምር ሐኪሙ ይንገርዎ። ራሷን ከሳተች ግን ንጋትን አይጠብቁ፤ እኔንም አይጠይቁ፣ ባጃጅ ጠርተው ይሂዱ።